ኮንቴይነሩ ከወረደ በኋላ፤ የጎንደር ምህንድስና ትምህርት እና የውጭ አጋሮቹ

ጎንደር ላይ ምህንድስና የሚያስተምር ሰው ስለ ውጭ ትብብር ሲወራ በዚህ ሰሞን ቀድሞ የሚጠይቀው «ሰውየው ይመጣል ወይ?» ብሎ ነው። ገንዘቡ በኋላ ይደረስበታል።

ጥያቄው ምክንያት አለው። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በርካታ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ ይመክራሉ። ምክሩ ካለ ኢንሹራንሱ አይሠራም። ኢንሹራንስ ከሌለ ደግሞ የውጭው ዩኒቨርሲቲ መምህሩን አይልክም፤ መምህሩ ራሱ «ልሂድ» ቢልም። ከአዲስ አበባ አዘዞ፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ሆኖም ስብሰባው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ይሆንና የጎንደሩ ሰው አበል ታስቦለት ይሄዳል። ያ ካልሆነ በዙም ነው። ዙሙም የራሱ ጣጣ ነበረው። የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ መቆየቱን ማን ይረሳል?

በዚህ ላይ ብሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። በብር የተያዘ የላብራቶሪ ዕቃ በጀት በአንድ ክረምት አቅሙ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። በዓመቱ ደግሞ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ በይፋ ሥራውን አቆመ።

እንግዲህ ትብብር የሚባለው ነገር አበቃለት የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። አሁን የተዘጋው መንገድ እንግዳ መጥቶ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድበት መንገድ ነው። እሱ ድሮም ብዙ አላራመደንም። የተሻለው መንገድ እዚሁ ጎንደር ከሰባ ዓመት በፊት ተሞክሯል። ሞካሪዎቹ ግን መሐንዲሶች አልነበሩም።

የደምቢያ ወባ የከፈተው ኮሌጅ

በ1940ዎቹ አጋማሽ ጎንደር አጠገብ ባለችው ደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገባ። 7 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይጻፋል። በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1954) ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ እና አሜሪካ በፖይንት ፎር ፕሮግራሟ በኩል በጋራ ያቋቋሙት ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። (ፖይንት ፎር የዩኤስኤአይዲ ቀዳሚ ነበር። የዩኤስኤአይዲ መዘጋት ጎንደር ላይ ለየት ብሎ የሚሰማ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።)

ኮሌጁ ሲጀምር ሐኪም ላሠልጥን አላለም። ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስ እና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያ ነበር። ቡድን ሠርተው ይወጣሉ። የደምቢያዋን ቆላ ድባን በመሰሉ የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች እየሠሩ ይማራሉ። አንዱ በሽተኛ ያያል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭና መጸዳጃ ቤት ይመረምራል። ፈተናው ከመንደሩ ይመጣል። የቡድን ሥልጠናው ልማድ እስከ ዛሬ የጎንደር ጤና ትምህርት መታወቂያ ነው።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ፤ አጋሩም አብሮ ተገለበጠ። አሜሪካኖቹ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ፋኩልቲው ሲቋቋም አጋሩ የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ምሥራቅ ጀርመንም በተራዋ ከካርታ ጠፋች። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ከእንግሊዙ ሌስተር ጋር ትስስር ተጀመረ። ይህን ሁሉ ያስቻለው አንድ ነገር ነው። የላይፕዚጉም የሌስተሩም ሰው የሚያስተምረው ጎንደር ሆስፒታል በተኛው ታማሚ ላይ ነው። ካርል ማርክስን የሚጠላም የሚወድም ወባውን ያው ወባ ሆኖ ነው የሚያገኘው።

ምህንድስናው ግን በሌላ በር ገባ

የሀገራችን የምህንድስና ትምህርት ታሪክ የውጭ አጋሮች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎንደር ኮሌጇን ባገኘችበት እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ ከስዊድን ጋር የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሶቪየቶች ባሕር ዳር ላይ ፖሊቴክኒክ አቋቋሙ፤ ያው «ፖሊ» የምንለው። በ2005 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ከመንግሥት ጋር ሆነው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ጀመሩ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚወስደው ኢንተርንሺፕ በየትምህርት ክፍሉ የተለመደው በዚያ የለውጥ ሰሞን ነው። አዳማ ዩኒቨርሲቲ ጀርመናዊ ፕሬዚዳንት ተሾመለት፤ ቀጥሎ ደቡብ ኮሪያዊ መጣ። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ አበባ በሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ሉባን ወርክሾፕ የሚባለውን የሙያ ማሠልጠኛቸውን ከፈቱ። ህንዶቹማ በየክፍሉ ነበሩ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ህንድ መምህር ያላስተማረው የተማረ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

እነዚህ ሁሉ ጠቅመዋል። ከፖሊ የወጡት ቴክኒሻኖች ስንቱን ፋብሪካ አንቀሳቅሰዋል። ችግሩ እያንዳንዱ አጋር የራሱን ሥርዓተ ትምህርት በሻንጣው ይዞ መምጣቱ ነው። ጀርመን ሲመጣ በጀርመን ልክ እንቆርጣለን። ኮሪያ ሲመጣ እንደገና እንሰፋለን። ያስተማሩት ትምህርት ከቆላ ድባ ወይም ከአርባያ የመጣ ጥያቄ ላይ ስላልተሠራ አጋሩ ሲሄድ የሚይዘው መሬት የለውም።

ጎንደር ወደ ምህንድስናው የገባችው ዘግይታ ነው። ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ የቴክኖሎጂ ትምህርቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ያኔ ደግሞ 70 በ30 የሚባለው ፖሊሲ ተከተለ። ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። ተማሪው በአውቶቡስ መጣ፣ ላብራቶሪው (ላብ የምንለው) በኮንቴይነር እንዲመጣ ተጠበቀ።

አንድ ማሽን

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት የኮንክሪት መጭመቂያ ማሽንን እንውሰድ። ማንኛውም የሲቪል ተማሪ ያውቀዋል። 15 በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ፎርም ውስጥ ኮንክሪት ይሞላል። በማግስቱ ኩቡ ከፎርሙ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። በ7ኛው እና በ28ኛው ቀን ይጨመቃል። ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት በ28 ቀኑ 25 ሜጋፓስካል መሸከም አለበት። በዚያ ኩብ ላይ ሲሰላ 57 ቶን ገደማ ጭነት ማለት ነው። ኩቡ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ድምፅ ለአብዛኛው ተማሪ «አሁን መሐንዲስ ልሆን ነው» የሚያሰኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ያን 57 ቶን ማሽኑ በትክክል ለመናገሩ ዋስትናው ካሊብሬሽን፣ ማለትም መለኪያውን በየጊዜው ማስተካከል፣ ነው። ከውጭ ሲመጣ ተስተካክሎ ይመጣል። በዓመቱስ? የሃይድሮሊክ ዘይቱ ያንጠባጥባል። ጎሚኒው ይበላል። ማንዋሉ በአጋሩ ቋንቋ ነው። የሶፍትዌሩ ፈቃድ ያልቃል፤ ማሳደሻው በዶላር ይጠየቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ አንዱን ካርድ ያቃጥለዋል። በዩኒቨርሲቲ የሠራ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። ማሽኑ ላይ ጨርቅ ይደረብበታል።

ጨርቁን የሚደርበው የላብ ቴክኒሻን ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዕቃው በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ቅጽ) ገብቶ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) በስሙ ወጪ ሆኖበታል። ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቢሠራበት ግን ደመወዙ ላይ አምስት ሳንቲም አይጨመርለትም። የሥራ እድገቱም ከመምህሩ ጋር አይተካከልም። እንግዲህ እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ላቡን ትከፍታላችሁ ወይስ ትቆልፋላችሁ? አጋሩ ለማሽኑ ብዙ ሺህ ዩሮ ያወጣል፣ ለመምህሩ የዶክትሬት ዕድል ይሰጣል፤ ቁልፉን የያዘውን ቴክኒሻን ግን ስሙንም አይጠይቅም። የእኛም ቤት እንዲሁ። በአብዛኛው የትብብር ወረቀት ውስጥ የሌለው ሰው እሱ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በ16 ታዳጊ አገሮች 112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ 38.3 በመቶው ከሥራ ውጭ ሆኖ አግኝቶታል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል የሠለጠነ ሰው እጥረት፣ የአስተዳደር ድክመትና የመሠረተ ልማት ችግር ነበሩ። የሕክምና መሣሪያ እንኳ፣ የሰው ሕይወት ያለበት፣ እንዲህ ከሆነ የተማሪ መለማመጃ ቶርኖ ምን ይሁን?

ጎንደር ግን እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። ዩኒቨርሲቲው ባዮሜዲካል ምህንድስና ያስተምራል፤ ሆስፒታሉም የራሱ ነው። ከውጭ የሚመጣ አጋር አዲስ የመለማመጃ መሣሪያ ከሚገዛ የሆስፒታሉን የተበላሹ ዕቃዎች ክምችት ላብ አድርጎ ቢጀምርስ? የተበላሸ የኦክስጅን ማጎሪያ ከፍቶ ያስተካከለ ተማሪ ከማንዋል አሥር ምዕራፍ ካነበበው የበለጠ ያውቃል። ውጤቱም የሚታየው ሪፖርት ላይ ሳይሆን ዎርድ ውስጥ ነው።

ሴባስቶፖልን ሁላችንም እናነሳለን

ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር በተወራ ቁጥር ዐፄ ቴዎድሮስና ጋፋት ይጠቀሳሉ። ንጉሡ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለእጆችን ደብረ ታቦር አጠገብ አስፍረው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠሩ። በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ማጣቱ፣ ያም ያስከተለው መዘዝ የታወቀ ነው። መድፉን እናደንቃለን፤ መቅደላ ድረስ ስለተጎተተበት ጉድ እናወራለን። ማቅለጫውስ የት ደረሰ? ጋፋት ከዚያ በኋላ ሌላ አላቀለጠችም። ዕቃው ቀረ፣ ሙያው ጠፋ። እኔን ይህ ከመድፉ በላይ ያሳዝነኛል። ዛሬም የምንፈርመው ስምምነት በአብዛኛው መድፉን እንጂ ማቅለጫውን አይጠቅስም።

ያው ደምቢያ፣ ሌላ ጥያቄ

ደምቢያ የጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ሆነች። ለምህንድስናውም ጥያቄ አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ እምቦጭ ታየ። በብርቱ ካጠቃቸው ዳርቻዎች አንዱ የደምቢያ ነው። ገበሬው በእጁ ነቀለው። ከዚያ ማሽን መጣ። ከውጭ የተገዛም፣ በዳያስፖራ መዋጮ የገባም፣ ሀገር ውስጥ የተሠራም ነበረ። አንዳንዶቹ በብልሽት፣ በመለዋወጫና በነዳጅ እጦት ቆመው እንደነበር በተደጋጋሚ ተዘግቧል። አንድ የአጨዳ ማሽን ጥልቀት በሌለው ጭቃማ ዳርቻ ላይ ለምን ይያዛል? የታጨደው አረም 90 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ሳይጨመቅ በመኪና ማጓጓዝ ውሃ ማመላለስ ነው። ይህ የመካኒካል፣ የሲቪልና የኬሚካል ተማሪ አንድ ላይ የሚቀመጥበት ጥያቄ ነው። የጤናው የቡድን ሥልጠና እንዳደረገው ማለት ነው።

ውሃውም አለ። የጎንደር ሰው ጀሪካን ሰልፍ ምን እንደሆነ አይነገረውም። የአንገረብ ግድብ በደለል ተሞላ። መገጭ ላይ የተጀመረው ግድብ የመስኖም የከተማ ውሃም ተስፋ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። አንገረብ ለምን በደለል ተሞላ የሚለው ከተፋሰሱ እርሻ ጀምሮ እስከ ግድቡ ማስተንፈሻ የሚሄድ የአንድ ትውልድ የማስተርስ ርዕስ ነው። የኔዘርላንድስ ወይም የኦስትሪያ የውሃ መሐንዲስ ጎንደር መምጣት ካልቻለ ተማሪው የአንገረብን ደለል ለክቶ ቁጥሩን ሊልክለት ይችላል። ሁለቱ በየሳምንቱ በዙም ቢከራከሩበት ከሦስት ቀን ሥልጠና አሥር እጥፍ ይሻላል። ለዚህ ቪዛም ኢንሹራንስም አያስፈልግም፤ ኢንተርኔቱ ይኑር እንጂ።

ዲግሪውስ ባሕር ይሻገራል?

ወላጅም ተማሪም የሚጠይቀው ይህንን ነው። የምህንድስና ዲግሪ በሌላ አገር እንዲታወቅ የሚረዳው ዋናው መድረክ የዋሽንግተን ስምምነት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ስድስት አገሮች የጀመሩት ነው፤ ደቡብ አፍሪካ በ1999 ገብታለች። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስምምነቱ የሚያየው ስንት ኮርስ እንደተሰጠ ሳይሆን ተመራቂው ምን መሥራት እንደሚችል ነው፤ ችግር መተንተን፣ በቡድን መሥራት፣ ለኅብረተሰብ ደኅንነት ማሰብን የመሳሰለውን።

እኛ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ጀመርን። በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም ትምህርት ዘርፎችና ከግል ተቋማትም ጭምር ከተፈተኑት ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ፈተናው አስፈላጊ ነው፤ ግን በኮምፒውተር ላይ ምርጫ የሚከበብበት ፈተና ያን ኩብ ማን በትክክል እንደሞላ አይነግርህም። ዓለም አቀፍ እውቅና እንፈልጋለን ካልን ላቡ መከፈት አለበት። እዚያው እንመለሳለን።

የሚሄዱት

የውጭ ትብብር ትልቁ ስጦታ የትምህርት ዕድል ነው፤ ትልቁ ስጋቱም እሱ ነው። ጎበዙ መምህር ለዶክትሬት ይሄዳል። አንዳንዱ ይመለሳል፣ ብዙው አይመለስም። እኔ በማንም አልፈርድም። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚገዛ የጎንደር ገበያ ያውቃል። ለዚህ የተሻለ መላ ሆኖ የቆየው ሳንድዊች የሚባለው አሠራር ነው። ተማሪው እዚሁ ተመዝግቦ፣ ለጥቂት ወራት ወደ ውጭ ሄዶ መሣሪያ ተጠቅሞ፣ ተመልሶ እዚሁ ይጨርሳል። ስዊድኖች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሠርተውበታል። ጀርመኖችም ዳድ በሚባለው የትምህርት ልውውጥ ድርጅታቸው በኩል ሀገር ቤት የሚሠራ የዶክትሬት ድጋፍ ለምህንድስና መምህራን ሰጥተዋል። ሰውየው ሲመለስ የሚሠራበት ጥያቄና የሚከፈት ላብ ካለ የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል። ከሌለ ግን ሳንድዊቹም አያቆየውም።

ክፍሎቹ ሰው አነሳቸው

አንድ ያልተጠበቀ ነገር ደግሞ አለ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ነው። ቀጥሎ 3.2፣ 5.4፣ ከዚያ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ለሀገር አስደንጋጭ ቁጥር ነው። ለምህንድስና ክፍል ግን በአንድ ማሽን ዙሪያ ቆሞ ከትከሻ በላይ የሚያይ ብዙ ተማሪ የነበረበት ዘመን ለጊዜው ቆሟል ማለት ነው። ጥቂት ተማሪ በየተራው ማሽኑን መንካት ይችላል። ኢንተርንሺፑም ቢሆን ከተማዋ ያላት ትልልቅ ፋብሪካ ዳሸን ቢራን እና ብቅል ፋብሪካውን የመሳሰለ ጥቂት ነው፤ ያን ሁሉ ተማሪ መሸከም አይችልም ነበር። ቁጥሩ ተመልሶ ከማደጉ በፊት ላቡን ማስተካከል የሚቻለው አሁን ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተብሎ ተመድቧል። ስለዚህ አጋር መፈለጉ አይቀርም። ከአጋሩ ምን ይጠየቅ ነው ነገሩ። እኔን ቢጠይቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ማሽን አይሆንም። የቴክኒሻን ሥልጠና ይቅደም፤ ያውም የአጋሩ ቴክኒሻን ከእኛ ቴክኒሻን ጋር፣ ፕሮፌሰር ሳይገባበት። ከዚያ የአምስት ዓመት መለዋወጫና ካሊብሬሽን በውሉ ውስጥ ይግባ። ማሽኑ ትንሽ ይሁን፣ የትም ገበያ መለዋወጫው የሚገኝ። የተማሪ መመረቂያ ርዕስ ከከተማው ውሃ አገልግሎት፣ ከሆስፒታሉና ከጣና ዳርቻ ይምጣ፤ አጋሩ አማካሪ ይሁን። በእኛ በኩል ደግሞ በሥራ ላይ ለተበላሸ ዕቃ ቴክኒሻኑ እንዳይጠየቅ የሚያደርግ መመሪያ ዩኒቨርሲቲው ያውጣ። ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ዩሮ አይፈልግም።

ይህን ለማድረግ ሰዓቱ ትክክል መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ፕሮግራም የሆነው ኢራስመስ ፕላስ የዩኒቨርሲቲ አቅም ግንባታ ድጋፉን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቅል ነው የሚከፍለው። በጀቱ የሚደለደለው ማመልከቻው ሲጻፍ ነው። ያኔ ቴክኒሻኑ ካልተጻፈ በኋላ «እሱንም ጨምሩት» ማለት ከባድ ነው። ጥሪው ባለፉት ዓመታት ኅዳር አካባቢ ወጥቶ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መጀመሪያ ላይ ሲዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ወረቀቱ የሚጻፈው ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጎንደር ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እንጂ ወደ ቢሮ የሚሄድ ሰው አታገኝም፤ ኅዳር ላይ መጀመር ነው።